ሠላሳ ዝርጋታ ወደ ታች

ሲያትል፣ ሜይ 6 ቀን 1957

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለማቲልዳ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል? ባልሽ ዊልበርስ? ጀልባዬስ ክረምቱን እንዴት ወጣችው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ቀኝ እግሬ ላይ ያለችው ቁስል ነገረኛ ሆና ነው እንጂ ሌላው አካላቴ ተስማምቶ ይኖራል። ሐኪሞቹ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፣ ቁስሏን ያዩና አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ከጎኔ የተኛው ቶርቫልድ የሚባል የኖርዌይ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ወለል ላይ ሃሊበት የሚሉትን ጠፍጣፋ ዓሣ ሲጎትት ኖሮ ስለ ሳልሞን ሊያስተምረኝ ይሞክራል። ምግቡ ድንች ነው። ትንሽ የደረቀ ዓሣና አንድ ጠርሙስ የባሕር አቆስጣ ዘይት ላኪልኝ፤ አፌ ጣዕም አጥቷል።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እናትሽ ካረፈች ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ዓመት ይሞላታል። ሣጥኗን የሠሩት፣ ጉድጓዷን የቆፈሩት እኛ የምንጋባቸው የማዶ ወገኖቻችን ናቸው፤ እኛ ቁጭ ብለን እንድናለቅስ ሥራውን እነሱ ሠሩልን። አሁን ተራው የእኛ ነው። ደግሰን፣ አብልተን፣ አመስግነን ስንሸኛቸው ያኔ እህቴን ሎቲን በደንብ ሸኘናት ማለት ነው። የሚቀርበው ትልቁ ዓሣ፣ ንጉሥ ሳልሞን፣ ደግሞ በእኛው ጀልባ፣ በእኛው ወገን እጅ የተያዘ መሆን አለበት። ባልሽ ጎበዝ አጥማጅ ነው፤ ግን የማዶ ሰው ነው። እናትሽን የቀበረልንን ሰው በገዛ ዓሣው ጋብዘነው በምን ዓይናችን እናየዋለን? ከወገናችን ጀልባ የሚነዳ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ ነገሩ ያንቺ ነው።

ይህን ያህል እይዛለሁ ብለሽ አፍሽን ሞልተሽ እንዳትናገሪ፤ ዓሦቹ ይሰማሉ። እሞክራለሁ በይ፣ በቃ። በሬዲዮ ጥልቀት የሚናገረውን ሰው ሁሉ እንዳታምኚ፤ ሁሉም ይዋሻል፤ እኔም እዋሽ ነበር። ያልገባሽ ነገር ካለ በደብዳቤ ጠይቂኝ።

ፈጣሪ ከጉም ይጠብቅሽ።

አጎትሽ ሳይረስ


ሁና፣ ጁን 2 ቀን 1957

ለተከበሩ አጎቴ ለሳይረስ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እግርዎስ ምን ይላል? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ዓሣውንና ዘይቱን በፖስታ አውሮፕላን ልኬያለሁ። ጠርሙሱን በሦስት ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁና ሲከፍቱት መስኮት አጠገብ ይሁኑ።

ጀልባዋ ደህና ናት። የማጥመጃ መዘውሮቹ ሽቦ ግን ዝጎ ስለነበር ጣልኩትና አዲስ አስገባሁ። እርስዎ ሲያደርጉ እንደማየው ወደቡ ላይ ቆሜ፣ ሁለት እጄን ግራና ቀኝ እየዘረጋሁ፣ በየዝርጋታው ቀይ ክር አሰርኩበት። እስከ አርባ አደረስኩት። ዊልበር ሻዩን ይዞ ከሩቅ ሲያየኝ ቆየና «ልትበሪ ነው እንዴ? ንገሪኝ፣ ራት እኔ ልሥራ» አለኝ።

ወጥቼ ነበር። የያዝኩት ግን ገና ያላደጉትን ትናንሾች ነው፤ መልሼ ለቀቅኳቸው። የወደባችን አጥማጅ ፐርሲ በሬዲዮ «ስምንት ዝርጋታ ላይ ነኝ፤ እጄ ዛለ፤ አንድ ሰው መጥቶ ያግዘኝ» እያለ ሲያለቅስ ዋለ። እኔ ሞኟ ስምንት ላይ አወረድኩና ግማሽ ቀን ውኃ ስጎትት ዋልኩ። ማታ ወደብ ላይ አጠገቡ ሳስር መዘውሩን አየሁት፤ ሽቦው እስከ ውስጠኛው ድረስ ርጥብ ነው፤ ስምንት ብቻ ያወረደ ሽቦ እንዲህ አይርስም። ዓይኔን ተከትሎ አየና «ዝናብ ነው» አለኝ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር።

እሱም የማዶ ሰው ስለሆነ ነገሩ በጣም ደስ ብሎታል። «ኦክቶበር ላይ ምን ልታበሉን ነው ማቲልዳ? ድንች?» ይለኛል፤ ያውም በሰው ፊት።

አጎቴ፣ ከሦስቱ ደሴቶች ውጭ ካለው ዓለት ላይ ስንት ዝርጋታ ላውርድ? በየትኛው ሰዓትስ? ጊዜ ወስደው በደንብ ይጻፉልኝ። እሞክራለሁ።

የእህትዎ ልጅ ማቲልዳ


ሲያትል፣ ጁን 15 ቀን 1957

ይድረስ ለልጄ ለማቲልዳ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ዘይቱ ደርሷል። ነርሷ ከፈተችው፤ ከዚያ የፎቁ መስኮት ሁሉ ተከፈተ። አሁን ጠርሙሱ ውጭ ባለው የእሳት መውጫ ደረጃ ላይ ታስሮ ይኖራል፤ እኔም ዓሣዬን እንደ ሌባ በመስኮት እየነከርኩ እበላለሁ። ቶርቫልድ መጀመሪያ አፍንጫውን ያዘ። አሁን ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነክረው።

ሽቦውን ራስሽ መለካትሽ አስደስቶኛል። አሁን አንብቢ፤ ለሰው ግን አታንብቢ።

ዓሣው ሰዓት የለውም፤ የሚያየው ብርሃን ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ንጉሡ የሚበላው ትንሹ ዓሣ፣ ሄሪንጉ፣ ከላይ ነው፤ ንጉሡም ተከትሎት ይወጣል። ያን ጊዜ አሥርም አሥራ ሁለትም ዝርጋታ ይበቃል። ፀሐይ ውኃውን ስትነካ ሄሪንጉ ይሰምጣል፤ አንቺም አብረሽው ውረጂ። ፀሐይ ስትወጣ እያየሽ ዝም ብለሽ አሥር ላይ የምትቀሪ ከሆነ ቤትሽ ተኚ። ደመና ከሆነ አትቸኩይ፤ በዝናብ ቀን እስከ እኩለ ቀን ድረስ መሃል ላይ ይቆያል።

ከዚያ ሽቦውን ተመልከቺ። ቀጥ ብሎ ከወረደ በጣም ቀስ ብለሻል፤ መንጠቆው ላይ ያለው ማባበያ ሞቷል፣ ማንም አይነክሰውም። ወደ ኋላ በጣም ከተኛ ደግሞ ፈጥነሻል፤ ሠላሳ ለቅቄያለሁ ብትዪም ሽቦውን የሚያሰምጠው የእርሳስ ኳስ ሃያ አምስት ላይ እየተንሳፈፈ ነው። ማዕበሉን ተቃርነሽ ስትሄጂና አብረሽው ስትሄጂ ሽቦው አንድ አይሆንም። ሞተሩን አትስሚ፤ ሽቦውን እዪ። ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ልክ ነፋስ ላይ እንደሚሄድ ሰው።

ያ ዓለት ጀርባው ሠላሳ ሁለት ዝርጋታ ላይ ነው። ቀን ቀን ንጉሡ እሱን ተጠግቶ፣ ከበላዩ ነው የሚዞረው። ሠላሳ ላይ አቁሚ። ከሠላሳ እንዳታልፊ፤ እግዜር ያሳይሽ፣ እዚያ ሥር የእኔ ሦስት የእርሳስ ኳሶች ተቀብረዋል፣ አንደኛውን ለማስለቀቅ ስታገል ዘንጌ ተሰብሮ ነበር። ከላይ ከሆንሽ ትናንሾቹን ትይዣለሽ፤ ከታች ከሆንሽ ድንጋይ ትይዣለሽ። ሠላሳ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ወፍራሞቹን ጫማዎቼን ላኪልኝ፤ ሰሞኑን ግቢ ውስጥ እንድራመድ ሳይፈቅዱልኝ አይቀርም።

አጎትሽ ሳይረስ


ሁና፣ ጁላይ 14 ቀን 1957

ለተከበሩ አጎቴ ለሳይረስ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ በሌላው ግን ደህና አይደለሁም፤ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የጻፉልኝን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጎህ ሲቀድ አሥር ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ እየወረድኩ፣ ሽቦዬን እያየሁ፣ ዓለቱ ላይ ስደርስ ሠላሳ። ከሠላሳ አንዲት ጣት አላለፍኩም። የሚወጣው ጎባጣው ትንሹ ሳልሞን ነው። ጎባጣ፣ ጎባጣ፣ እንደገና ጎባጣ። ዘንጉ ላይ ያለው ቃጭል በጮኸ ቁጥር ልቤ ዘሎ ይወጣል፤ ስጎትት ጎባጣ ነው። ሌሎቹ ጀልባዎች እዚያው ዓለት ላይ፣ ድምፃቸው እየተሰማኝ፣ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ንጉሥ ይጎትታሉ። የዓሣ ማጨሻ ቤታችን ባዶውን ቆሟል። እንጨቱን ፈልጬ ደርድሬ አስቀምጫለሁ፤ ሸረሪት ቤት ሠርቶበታል።

ዊልበር አዝኖልኛል። ባለፈው ሳምንት ጀልባውን ከጀልባዬ ጎን አስጠግቶ «ሁለት ዓሣ በስሕተት ጀልባሽ ላይ ቢወድቅብኝ ምን ይባላል?» አለኝ። «በገዛ ዓሣው የተጋበዘ ይባላል» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ደንግጦ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ስንት ላይ እንደሚያወርድ ልጠይቀው አልችልም፤ እንግዳ ጠርቼ የወጡን አሠራር እሱን ልጠይቅ? እሱም ልንገርሽ አላለኝም፤ ወጉን ያውቃል።

ፐርሲ ግን አፉ አያርፍም። «ሳይረስ ሸምግሏል፤ ሌላ ዓለት እየነገረሽ እንዳይሆን» አለኝ። ግን አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ ሠላሳው እርግጠኛ ነዎት? ያ ዓለት ነው? ወይስ ከማዶ ያለው ሌላው? ሰው ታሞ ሲተኛ ነገር ሊምታታበት ይችላል፤ ነውር የለውም።

ጫማዎችዎ ሶላቸው አፉን ከፍቶ ስላገኘሁት ለማሰፋት ሰጥቻለሁ፤ ሲደርሱ እልካለሁ። ደግሞ ለግብዣው የሚለብሱትን የጭፈራ ካባ ጀምሬያለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው፣ ቀይ ጠርዝ ያለው፤ የዛጎሉን አዝራር እናቴ ሰብስባ ያስቀመጠችው ይበቃል። ስፋቱን የምቆርጠው በእጅዎ ልክ ነውና ሁለት እጅዎን ዘርግተው ከጣት እስከ ጣት ለክተው ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ ማቲልዳ


ሲያትል፣ ኦገስት 18 ቀን 1957

ለማቲልዳ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ያልመለስኩት የምጽፈው ስላጣሁ ነው። ደህና ነኝ።

ፐርሲ ያንን ዓለት ማን እንዳሳየው ጠይቂው። ገና የመጀመሪያ ጀልባውን ሲገዛ እያለቀሰ የመጣው እኔ ዘንድ ነው። ሌላ ዓለት አልነገርኩሽም። እግሬን እንጂ ራሴን አላመመኝም። እዚህ አልጋ ላይ ተኝቼ ዓይኔን ስጨፍን የማየው እሱን ዓለት ነው፤ ጀርባው የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚሰነጠቅ፣ ማዕበሉ ሲዞር ሄሪንጉ በየት በኩል እንደሚከማች። ሠላሳ ነው። ሠላሳ ብዬሻለሁ። እናትሽ ምድጃዋ ላይ ያን ሁሉ ንጉሥ ስታጨስ የኖረችው በዚያ ሠላሳ ነው።

የማታምኚኝ ከሆነ ግን ያመንሽውን ጠይቂ። ዓሣም ከፈለግሽበት ገዝተሽ አቅርቢ። እኔ እዚያ ቆሜ የተገዛ ዓሣ አላስተናግድም፤ ያንን ብቻ እወቂ።

ተቆጥቼ ጻፍኩ፤ ቶርቫልድ አንብቤለት «ቅደደው» ብሎኛል። አልቀደድኩም፤ ሌላ ወረቀት የለኝም። አንቺም በእኔ ቦታ ብትሆኚ ትቆጪ ነበር። አንድ ሰው ሁሉ ነገሩን ተቀምቶ ይችን ብቻ ይዞ ቢቀር፣ እሷንም ተምታታብህ ቢሉት ደስ አይለውም።

ለካባው ክር ልኬልሻለሁ። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን ቶርቫልድ እስከ ሌላኛው ጣቴ ወስዶ ቆረጠው። እጆቼ ሁለቱም አሉ፣ ጤነኛ ናቸው።

የጫማውን ነገር፣ የግራውን ብቻ ላኪው። ቀኙን ለሚፈልግ ስጪ።

ሳይረስ


ሁና፣ ኦገስት 29 ቀን 1957

ለምወድዎ አጎቴ ለሳይረስ፤

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ክሩን ከፖስታው አውጥቼ ሱፉን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። የክሩን አንዱን ጫፍ በበሩ መቃን ላይ በሚስማር ያዝኩና ወዲያ ሳብኩት። ሄደ፣ ሄደ። «ይሄ ሰውዬ ሰው ነው ወይስ ንስር?» ብዬ ለራሴ ሳቅሁ። ከዚያ እንዲያው ለጨዋታ እኔም አጠገቡ እጄን ዘረጋሁ። ጣቴ ካለቀ በኋላ ክሩ አንድ ክንድ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ አለፈኝ።

እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ዊልበር ከውጭ ገባና «ዛሬም ልትበሪ ነው?» አለኝ። እኔ የማስበው ወደቡ ላይ ያሰርኳቸውን ቀይ ክሮች ነበር። ሁሉንም በራሴ አጭር እጅ ነው የለካኋቸው! በአንዱ ዝርጋታ ላይ አንድ ክንድ ከጎደለ በሠላሳው ላይ ስንት ይጎድላል? የእኔ ሠላሳ ለካ የእርስዎ ሃያ አራት ነው። በጋውን ሁሉ ንጉሡ ከሥሬ ሲዞር እኔ ከጣራው በላይ ጎባጣ ስለቅም ከርሜያለሁ። ደግሞ ከሠላሳ እንዳታልፊ ብለውኝ እንዴት ብዬ ልለፍ? ትእዛዝ አክባሪ መሆኔ ነው የጎዳኝ።

በማግስቱ ወጣሁ። ክሩን ከራሴ ሽቦ ጋር አስተያይቼ ሠላሳ ሰባተኛው ቀይ ክር የእርስዎ ሠላሳ እንደሆነ አገኘሁት። ዓለቱ ላይ ስደርስ ሽቦውን ለቀቅሁ። ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት፤ እያንዳንዷ ክር ስታልፍ እርሳሱ ድንጋይ ሲመታ የሰማሁ እየመሰለኝ ነበር። ሠላሳ ሰባት ላይ አቆምኩ። ሽቦው ትንሽ ዘንበል አለ። ብዙም አልቆየ፣ የግራው ቃጭል ጮኸ፤ ጎባጣ እንደሚያስጮኸው አይደለም፣ ዘንጉ ራሱ ጎነበሰ። መዘውሩን ሳዞር ክንዴ ሊወልቅ ደረሰ። ብቅ ሲል ጀርባው ጥቁር፣ ድዱ ጥቁር፣ ወገቡ የሕፃን ያህል። አጎቴ፣ የጀልባዋ ወለል ላይ ተንበርክኬ አመሰገንኩት። ከዚያ ሌላ መጣ። ሌላም።

ወደብ ስገባ ዊልበር አየና ኮፍያውን አወለቀ። ፐርሲ «ስንት ላይ?» አለኝ። «ስምንት» አልኩት። ማጨሻ ቤቱ ዛሬ እየጨሰ ነው።

ጠርጥሬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጫማው ተሰፍቶ መጥቷል። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብኩት። ዊልበርም አነበበው። እሱ ወጥቶ ሄደ። እኔ ግን እጠይቅዎታለሁ። አጎቴ፣ ቀኝ እግርዎ የት ነው?

የግራውን ልኬያለሁ። ቀኙን ለማንም አልሰጥም።

ልጅዎ ማቲልዳ


ሲያትል፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1957

ይድረስ ለልጄ ለማቲልዳ፤

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ። ስለ ክሩ የጻፍሽውን ለቶርቫልድ ሳነብለት ሁለታችንም እስክናስል ሳቅን፤ ነርሷ ሮጣ መጣች። ስንት ዓመት አብሬሽ ስኖር እጅሽ አጭር መሆኑን አለማየቴ ይገርመኛል። ከቤተሰቡ ሁሉ አንቺ ብቻ ነሽ በአባትሽ የወጣሽው። እናትሽ እጇን ስትዘረጋ የቤቱን ሁለት ግድግዳ ትነካ ነበር።

ጠየቅሽኝ፤ እነግርሻለሁ። ጁላይ ላይ ከጉልበቴ በታች ቆረጡት። ወይ እሱ ወይ አንተ አሉኝ፤ እኔን መረጥኩ። አሁን አያመኝም፤ አንዳንዴ ግን የሌለው ጣቴ ያሳክከኛል፤ ለማከክ ጎንበስ ስል ቶርቫልድ ይስቅብኛል። «ከእንግዲህ የሚጠፋብህ አንድ ካልሲ ብቻ ነው» ይለኛል። ያልነገርኩሽ ፈርቼ አይደለም። አንቺ ብቻሽን ባሕር ላይ ነሽ፤ ልብሽ ሽቦው ላይ እንጂ እኔ አልጋ ላይ እንዲሆን አልፈለግሁም። አለቀስኩ ወይ? አዎ፣ አልቅሻለሁ። አንድ ቀን፤ ከዚያ ራት መጣ።

የሽቦውን ክሮች በእኔ ክር ልክ ልቀይር እንዳትዪ። እንዳትነኪያቸው። ከዛሬ ጀምሮ ያ ዓለት በእጅሽ ነው የሚለካው። የእኔ ቁጥር ለእኔ ነበር። ሠላሳ ሰባት ያንቺ ነው፤ አሥሩም አሥራ ሁለቱም፣ የጎሁም የቀኑም፣ ሁሉም ካንቺ እጅ ይነሳ። ጀልባዋም ያንቺ ናት። ይህን ሳስብበት ቆይቼ ነው የምጽፈው።

ግብዣው ላይ ግን አልመጣም። በዚህ አትጨቅጭቂኝ። እንግዳ ይቀመጣል፣ ጋባዥ ይቆማል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል፣ ይዘፍናል፣ ያቀርባል። የእንጨት እግሩን ሰጥተውኛል፣ ግን ገና ወለሉ ጠፍጣፋ ሆኖ እንኳ እንደ ሰካራም እንገዳገዳለሁ። የሎቲ ወንድም በእህቱ ግብዣ ወንበር ላይ ተጎልቶ እንግዶቹ ሊያዝኑለት ነው? ሐዘናቸውን ሲጨርሱ ሌላ ልጀምርላቸው? አንቺ ትበቂያለሽ። ካባውን ለብሰሽ ቁሚልኝ፤ ቢረዝምብሽም እጠፊው።

አጎትሽ ሳይረስ


ሁና፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1957

ለምወድዎ አጎቴ ለሳይረስ፤

እንደምን ከርመዋል? ማጨሻ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በሩን ስከፍት ዓሣው ፊቴን ይነካኛል። ዊልበር በጓሮ ሲያልፍ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ «የእኔን ድርሻ አታቃጥሉት» ይላል። ስላገኘነው ሁሉ ፈጣሪ ይመስገን።

አሁን ስለ መቆም የጻፉትን ልመልስ። አለቀስኩበት፤ ከዚያ ተናደድኩበት፤ ከዚያ ወደ ጀልባዋ ሄድኩ።

ከጀልባዋ ጭራ ያለውን ጉድጓድ ያውቁታል፤ ዕድሜዎን በሙሉ የኖሩበት ነው። ሰው እስከ ወገቡ ይገባበታል፣ ጠርዙ ከፊትም ከኋላም ይደግፈዋል፣ መዘውሮቹ በግራና በቀኙ ናቸው። እዚያ የቆመ ሰው እግሩን ማን ያየዋል? እኔ ልጅ ሆኜ ስመለከትዎ ከወገብዎ በታች አይቼ አላውቅም። ዊልበር የወለሉን ቀኝ ጎን ከፍ አድርጎ እንጨት መታበት፤ የእንጨት እግሩ የሚገባበት ማስገቢያም ፈለፈለለት፣ ማዕበል ሲመጣ እንዳይንሸራተት። «ዓሣዬን ነው እንጂ ወጉ የከለከለኝ መዶሻዬን አልከለከለኝም፤ ለእናንተ ማነጽማ የእኛ ሥራ ነው» አለኝ። ገብቼ ቆምኩበት። ለእኔ አይመችም። ለእርስዎ ቁመት ነው የተሠራው።

ስለ ግብዣው ሌሊት ደግሞ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ፤ እጅዎን ትከሻዬ ላይ ያድርጉ። አጭር ነሽ ብለው ስቀውብኛል፤ እንግዲያው ለምርኩዝ ልክ ነኝ። ካባውን በእርስዎ ክር ልክ ቆርጬ ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ እኔ ለብሼው አየሁት፣ መጋረጃ ውስጥ የገባች አይጥ እመስላለሁ። በሱ ውስጥ ቆሜ የእናቴን ስም አልጠራም።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ። የደረቀው ሞልቷል፤ በዕለቱ ትኩስ ሆኖ የሚቀቀለው፣ የእናቴ ስም ተጠርቶ መጀመሪያ ለእንግዶቹ የሚቀርበው ንጉሥ ግን ገና ባሕር ውስጥ ነው። መያዝ አቅቶኝ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ግሩም ወጥቶልኝ ሳየው «ይሄ ነው» አልኩ፤ ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ፣ ለጎረቤት አሮጊቶች ሰጠሁት። የእኔ እናት ከመሆኗ በፊት የእርስዎ እህት ናት። ያንን ዓሣ እርስዎ ይያዙት፤ ካልመጡ ያ ሳህን ባዶውን ይቀርባል፤ ለምን ባዶ ሆነ ብለው ሲጠይቁኝም እውነቱን እናገራለሁ።

ተቆጥቼ ጻፍኩ። አልቀደውም።

ልጅዎ ማቲልዳ


ሲያትል፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1957

ለልጄ ለማቲልዳ፤

ደብዳቤሽን አንብቤ ለሐኪሙ ሰጠሁት። እሱም አነበበና «ይህች ሴት በኋላ እኔ ላይ እንዳትመጣ» ብሎ መሄጃዬን ፈረመልኝ። ቶርቫልድ የቀረውን ዘይት ወርሷል። ስንሰነባበት እጄን ይዞ አለቀሰ፣ ከዚያ ሃሊበት ይሻላል አለኝ።

ሰሞኑን በየቀኑ በኮሪደሩ ስመላለስ ነው የከረምኩት። ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ብቻዬን ተነስቻለሁ። ለዊልበር እጁ ይባረክ በይልኝ፤ የእንጨቱን ከፍታ ሲለካ እኔን ሳያየኝ እንዴት እንዳወቀው ይነግረኛል።

በመጪው ሳምንት የምትነሳው መርከብ ላይ ነኝ። ወደብ ላይ ወንበር ይዛችሁ እንዳትጠብቁኝ። ወርጄ ቀጥታ ወደ ጀልባዋ ነው የምሄደው፤ መሪውን አንቺ ትይዣለሽ፣ እኔ ጉድጓዴ ውስጥ እገባለሁ፤ ስንት ላይ እንደማወርድም አንቺ ትነግሪኛለሽ። እህቴን ከመሸኘቴ በፊት የምይዝላት ዓሣ አለኝ።

አጎትሽ ሳይረስ